ኮምፒውተር መውደድና የቴክኖሎጂ አማካሪ መሆን ለየቅል ናቸው

አሮጌ_ፍሎፒ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ መድረክ ላይ ዝም ብዬ አንባቢ ሆኜ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ከተቀጣሪነት ወጥቼ የራሴን የማማከር ሥራ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሞላኝ። "እኔስ ልሞክረው?" የሚል ጥያቄ በየጊዜው ስለማይ፣ የደረሰብኝን ልንገራችሁ ብዬ ነው።

መጀመሪያ ስለ በሽታዬ። ልጅ ሳለሁ አጎቴ ኮሞዶር 64 የሚባል ኮምፒውተር ነበረው። ማሽኑ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው፤ እኔ እጅ የገባው አርጅቶ ነው። ፕሮግራም የሚጫነው ከካሴት ነበር። ቴፑ ይዞራል፣ እኔ አፍጥጬ እጠብቃለሁ፣ መጨረሻ ላይ "ሎድ ኤረር" ይለኛል። አጠነጥንና እንደገና እጀምራለሁ። የሚገርመው አልሰለቸኝም። ከዚያ ዶስ መጣ፣ ቀጥሎ ዊንዶውስ 95። በፍሎፒ ሲመጣ 13 ዲስክ ነበር። አሥራ አንደኛው ላይ "ማንበብ አልተቻለም" ሲል ሆድ እንዴት እንደሚባባ፣ የደረሰበት ያውቀዋል።

ተቀጥሬ 19 ዓመት ሠራሁ። ገመድ ከመዘርጋት ተነሥቼ የአይቲ ክፍል ኃላፊ እስከመሆን ደረስኩ። ስወጣ በልቤ "ከኔ በላይ ማን ያውቃል" ብዬ ነበር። ማሽኑን አውቅ ነበር፣ እሱ እውነት ነው። ደንበኛው ገንዘቡን የሚያወጣው ለምን እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር።

የመጀመሪያ ደንበኛዬ 14 ሠራተኞች ያሉት አከፋፋይ ድርጅት ነው። ባለቤቱ የነገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ "ሲስተሙ ቀርፋፋ ነው፣ ሰዎቼ እያመሹ ነው።" እኔ ምን አደረግሁ? ሰርቨሩን ከፈትኩ፣ ስዊቾቹን ቆጠርኩ፣ 22 ገጽ የፕሮጀክት ሐሳብ ጻፍኩ። አዲስ ሰርቨር፣ ቨርቹዋል ማሽን፣ የተከፋፈለ ኔትወርክ፣ ሥዕላዊ ንድፍ ሳይቀር። እኔን ደስ የሚያሰኘኝ ነገር በሙሉ ገብቶበታል። ባለቤቱ ሁለተኛው ገጽ ላይ ስልክ ተደወለለት። አንሥቶ አወራ፣ ዘጋ፣ ወደ ሰነዱ ግን አልተመለሰም።

ሳምንት ቆይቼ፣ እያፈርኩም ቢሆን ተመልሼ "አንድ ጠዋት ከሒሳብ ሠራተኛህ ጎን ልቀመጥ" አልኩት። ወንበር ሳብኩና ዝም ብዬ አየሁ። ሴትዮዋ ከሽያጭ ፕሮግራሙ የትእዛዝ ዝርዝር አተመች። ወረቀቱን ከኪቦርዱ በስተግራ አስቀመጠች። ከመሳቢያ ማስመሪያ አወጣች። ማስመሪያውን ከመጀመሪያው መስመር ሥር አሳረፈች፣ መስመሩን ኤክሴል ላይ ጻፈች፣ ማስመሪያውን ትንሽ ወደ ታች ሳበች። ቀጥሎ ሁለተኛው መስመር። ከዚያ ሦስተኛው። እንዲህ እያለች ሁለት ሰዓት። የማስመሪያው ቁጥሮች ከመታሸት ብዛት ግማሹ ጠፍተዋል።

"ይህን ከመቼ ጀምሮ ነው የምትሠሪው?" አልኳት።

"ከተቀጠርኩ።" አራት ዓመት ማለት ነው።

የሽያጭ ፕሮግራሙ ዝርዝሩን በቀጥታ ወደ ኤክሴል የሚያወጣ ትእዛዝ ነበረው። ለእሷ መለያ ፈቃዱ ስላልተከፈተ ሜኑው ላይ ደብዝዞ ነው የሚታየው። ያልተሠራ ነገር መስሏት ነክታው አታውቅም። ፈቃዱን ለመክፈት 10 ደቂቃ አልፈጀብኝም።

22 ገጹ አሁንም አለኝ። ልቤ ሲያብጥ አወጣና አነበዋለሁ።

ሰንጠረዥ

ወንድሜ፣ ሳነበው ስለኔ የምታወራ መሰለኝ። ደንበኛህ አይደለሁም፣ ግን እኔም ሒሳብ ክፍል ነኝ፣ እኔም ማስመሪያ አለኝ። የኔ እንዲያውም ብረት ነው።

"ለምን አልተናገራችሁም?" የሚል ካለ ልመልስለት። አይቲ ሲመጣ የሚጠይቀን "ኮምፒውተሩ ምን ሆነ?" ብሎ ነው። ኮምፒውተሩ ምንም አልሆነም። የሆንነው እኛ ነን።

ደግሞ ኤክሴልን የሚንቁ ባለሙያዎች ያናድዱኛል። ድርጅቱ የሚተዳደረው በእሱ ነው፣ ወደዳችሁም ጠላችሁም። ወሰኑን ማወቅ ግን ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2020 እንግሊዝ ውስጥ ወደ 16,000 የሚጠጉ የኮቪድ ውጤቶች ከዕለታዊ ቆጠራው ቀርተው ነበር። ምክንያቱ ከላቦራቶሪ የመጣው መረጃ በድሮው የኤክሴል ፋይል ዓይነት መጫኑ ነው። የድሮው 65,536 መስመር ብቻ ነው የሚይዘው፤ የተረፈውን ቆርጦ አስቀረው። አዲሱ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ይይዛል። መንግሥት ላይ ከደረሰ እኛ ላይ የማይደርስበት ምክንያት የለም።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ለዚያች 10 ደቂቃ እንዴት አስከፈልከው? ስንት እንደሆነ አትንገረኝ፤ እንዴት እንዳሰብከው ብቻ።

አሮጌ_ፍሎፒ

እህቴ፣ ቁስሌን ነካሽው። በሰዓት ነበር የተስማማነው። ስለዚህ የሁለት ሰዓት ሒሳብ ላክሁ፤ የተቀመጥኩበትን ጠዋት ጭምር። ባለቤቱ "ይኼ ብቻ?" ብሎ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም። በቀን ሁለት ሰዓት ለአራት ዓመት ሲባክን የኖረ ነገር ነው ያቆምኩለት።

ያን ቀን የገባኝ፣ በሰዓት ስታስከፍል ልምድህ ራሱ እንደሚቀጣህ ነው። ችግሩን በ10 ደቂቃ የሚያገኘው ሰው በሦስት ቀን ከሚያገኘው ያነሰ ይበላል። አሁን በሦስት ከፍዬዋለሁ። መጀመሪያ ምርመራ ብቻ፤ ዋጋው የተቆረጠ፣ ውጤቱ ከአራት ገጽ ያልበለጠ ጽሑፍ። ደንበኛው ጽሑፉን ይዞ ሌላ ሰው ጋ ቢሄድም መብቱ ነው። ከተስማማን ፕሮጀክቱ ለብቻው ይዋዋላል። ከዚያ ወርሐዊ ክትትል። የቤት ኪራይ የሚከፍልልኝ ይህ የመጨረሻው ነው፤ ሁለቱ ተባራሪ ናቸው።

ቀይ_ገመድ

ከዚህ ላይ አልስማማም። የተቆረጠ ዋጋ እኔን አክስሮኛል። አንድ ድርጅት ኢሜይሉን ከቢሮው ሰርቨር ወደ ክላውድ ላዛውርለት ተስማማሁ። በሁለት ሳምንት ያልቃል ብዬ ቆረጥኩ። ሥራው ከተጀመረ በኋላ "እግረ መንገድህን" የሚባል ነገር መጣ። እግረ መንገድህን የሥራ አስኪያጁን ስልክ፣ እግረ መንገድህን ስካነሩ ኢሜይል እንዲልክ፣ እግረ መንገድህን ከአምስት ዓመት በፊት የለቀቀውን ሰው ፋይል። ሦስት ወር ፈጀብኝ። ሲካፈል የሰዓቴ ዋጋ ተቀጥሬ ከማገኘው በታች ሆነ።

በሰዓት ማስከፈል ቢያንስ ሐቅ አለው። ሠራሁ፣ ተከፈለኝ።

አሮጌ_ፍሎፒ

@ቀይ_ገመድ ትክክል ነህ፤ እኔም ተነክሻለሁ። ያዳነኝ ውል ውስጥ የጨመርኩት አንድ ርእስ ነው፤ "የማይካተቱ ሥራዎች"። የሚካተተውን ሁሉም ይጽፋል። የማይካተተውን ስትጽፍ ነው ደንበኛው ቀና ብሎ "እንዴ፣ ስካነሩስ?" የሚለው። ያኔ ገና አልፈረምክም፤ ተረጋግታችሁ ትነጋገራላችሁ። አዲስ ነገር ሲመጣ ደግሞ "ይቻላል፣ ዋጋውን ማታ በጽሑፍ እልክልሃለሁ" እላለሁ። ከ"እግረ መንገድህን" ጥያቄዎች ግማሹ እዚያው ይረሳሉ።

ምንነቱ ያልታወቀ ጥፋት ስፈልግ ግን አሁንም በሰዓት ነው የማስከፍለው። ስንት ሌሊት እንደሚፈጅ ማን ያውቃል።

ብርሃኑ_ነኝ

የኔ ደንበኞች በሙሉ ዘመዶቼ ናቸው። ክፍያው "ተባረክ" ነው። ፕሪንተር ብቻ ነው የሚበላሽባቸው።

የማታ_ፈረቃ

ጽሑፍህ ልቤን ነካው። እኔ የድጋፍ ሠራተኛ ነኝ፣ ስሜም እንደሚለው በማታ። ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ኮምፒውተር ስፈታ ስገጥም ነው ያደግኩት። ሁለት የኔትወርክ ሰርተፊኬት አለኝ። ሥራዬን ለቅቄ ልጀምር እያልኩ ነው። አይዞህ ትለኛለህ ወይስ ተው?

አሮጌ_ፍሎፒ

ተው አልልህም። ግን ነገ አትልቀቅ።

ሰርተፊኬትህን ጠይቆኝ የሚያውቅ ደንበኛ አንድም የለም። የሚጠይቁት "ለማን ሠርተሃል?" ብለው ነው። እኔ የመጀመሪያ አራት ደንበኞቼን ያገኘሁት ድሮ አብረውኝ ከሠሩ ሰዎች ነው፤ ከአይቲ ሰዎች ሳይሆን ከሒሳብ፣ ከግዢና ከመጋዘን። ሥራ ቀይረው ሲሄዱ "አንድ የማውቀው ልጅ አለ" አሉ። ስለዚህ አሁን ባለህበት በማታ ፈረቃ ስልኩን እንዴት እንደምታነሣው ማስታወቂያህ ነው።

ከመልቀቅህ በፊት የቅጥር ውልህን አውጥተህ አንብብ። የአሠሪህን ደንበኛ ይዘህ እንዳትሄድ የሚከለክል አንቀጽ ሊኖር ይችላል። እኔ እጄ ላይ የስድስት ወር ወጪ ነበረኝ። አራተኛው ወር ላይ አልቆ ነበር። ሥራ ጠፍቶ አይደለም፤ የሠራሁበት ገንዘብ ቶሎ አልገባ ብሎ ነው። ደረሰኝ ልከህ 60 ቀን መጠበቅ ማንም ትምህርት ቤት ያላስተማረኝ ነገር ነው። አሁን ፕሮጀክት ሲጀመር ቅድሚያ ግማሹን እቀበላለሁ።

የ286_ዘመን

ልጆች፣ በዚህ ሥራ ላይ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። አንድ ሁለት ነገር ልበል።

ስለ ቁልፍ ላውራ። ከዓመታት በፊት አንድ ድርጅት ጠራኝ። ድረ ገጹም ኢሜይሉም ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል። ባጣራ የዶሜይን ስሙ (የድረ ገጹና የኢሜይሉ አድራሻ) ጊዜው አልፏል። ለማደስ ስገባ የተመዘገበው በድርጅቱ ስም አይደለም። ከኔ በፊት የነበረው አማካሪ በራሱ ስምና በራሱ ኢሜይል አስመዝግቦታል። ሰውየው ሥራ ቀይሯል፣ ስልኩ አይሠራም፣ ኢሜይሉን ትቶታል። ክፋት አልነበረበትም፤ ያኔ ቸኩሎ ነው። ባለቤትነቱን በሰነድ አስረድተን እስክናስመልስ አምስት ሳምንት ፈጀ። አምስት ሳምንት ሙሉ ለደንበኞቻቸው ስልክ ሲደውሉ ነበር።

ስለዚህ ዶሜይኑ፣ የክላውድ አካውንቱ፣ የራውተሩ ፓስወርድ፣ ሁሉም በደንበኛው ስም ይሁን። እኔ ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ሳምንት "እኔ ዛሬ ብሞት" የሚል ፖስታ አዘጋጃለሁ። ታሽጎ ባለቤቱ ካዝና ውስጥ ይገባል። በየስድስት ወሩ ይታደሳል። አንዳንዱ "ይኼን ከሰጠሃቸው ለምን ይጠሩሃል?" ይለኛል። ቁልፍ ስለያዝክ ብቻ የሚጠራህ ሰው ሌላ ቁልፍ ሠሪ ያገኘ ቀን ይሰናበትሃል።

ሌላው ኮሚሽን ነው። ሻጮች ይመጣሉ። "የኛን ሰርቨር ካስገዛህ ይህን ያህል ፐርሰንት" ይላሉ። እኔ አልቀበልም። የሚቀበል ካለ ለደንበኛው ይንገረው። ነጻ አማካሪ ብለህ ከሻጭ እየበላህ ከሆነ ስሙን ቀይረው፤ ደላላም ሙያ ነው።

ቀይ_ገመድ

ጋሼ፣ የፖስታውን ሐሳብ ዛሬውኑ ወስጄዋለሁ። ስለ ባክአፕስ፣ ማለትም ስለ መጠባበቂያ ቅጂ፣ ምን ይላሉ? ደንበኞቼ "አለን" ይሉኛል፣ አምኜ እሄዳለሁ።

የ286_ዘመን

አትመን። "ባክአፕ አላችሁ?" ብለህ አትጠይቅ። "ለመጨረሻ ጊዜ ፋይል መልሳችሁ ያወጣችሁት መቼ ነው?" በል። መልሱ ብዙ ጊዜ ዝምታ ነው።

ትልልቆቹም ላይ ደርሷል። ጊትላብን ታውቁታላችሁ፣ ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበት። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 አንድ መሐንዲሳቸው ደክሞት በተሳሳተ ሰርቨር ላይ የዳታቤዙን ፎልደር አጠፋ። ወደ 300 ጊጋ ባይት ገደማ ነበር። ሲያዩት አምስት ዓይነት የባክአፕና የቅጂ ዘዴ ነበራቸው፣ አንዱም በቅጡ አይሠራም። የተረፉት ከስድስት ሰዓት በፊት ለሌላ ሥራ ተብሎ በተወሰደ ቅጂ ነው። የስድስት ሰዓት መረጃ ግን ጠፋ። የማደንቃቸው ሁሉን ሳይደብቁ በይፋ ስለጻፉት ነው።

እኔ በየሦስት ወሩ አንድ ፋይል በዘፈቀደ መርጬ ከባክአፕ አወጣለሁ፣ የሒሳብ ሠራተኛዋ ከፍታ "አዎ፣ ይኼ ነው" እንድትል አደርጋለሁ። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቢሮ ውጭ የሚባለው አሮጌ ደንብ አሁንም ይሠራል። አንዱ ቅጂ ደግሞ ከኔትወርኩ የተነቀለ ይሁን፤ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ቫይረስ መጀመሪያ የሚፈልገው ባክአፑን ነው። ሬይድ (መረጃን በአንድ ሰርቨር ውስጥ በብዙ ዲስክ ላይ የማስቀመጥ ዘዴ) ደግሞ ባክአፕ አይደለም። ይህን ስንቴ እንደተናገርኩ ቁጥሩን ትቼዋለሁ።

የማታ_ፈረቃ

አሮጌ ፍሎፒ፣ አዲስ ደንበኛ ጋ የመጀመሪያ ቀን ስትሄድ ምን ታደርጋለህ? እኔ ብሆን ቀጥታ ወደ ሰርቨሩ ነው የምሮጠው።

አሮጌ_ፍሎፒ

አውቃለሁ፣ እኔም ያው ነበርኩ። አሁን ሰርቨሩን የማየው ከሰዓት በኋላ ነው። ጠዋቱን በሙሉ ከሰው ጋር ነኝ። አንድ ትእዛዝ ወይም አንድ ደረሰኝ እመርጥና ከበሩ ጀምሮ ገንዘቡ እስኪገባ እከተለዋለሁ። ወረቀቱ ሲሄድ እሄዳለሁ። ሰው ወረቀት አንሥቶ እንደገና ኮምፒውተር ላይ ሲጽፍ ባየሁ ቁጥር ምልክት አደርጋለሁ። አንድ መጋዘን ውስጥ አንዱን ቁጥር ሰባት ጊዜ ጻፉት። ሰባት!

ገንዘብ ከፋይዋን ደግሞ "አቅራቢው የባንክ ቁጥሬ ተቀየረ ብሎ ኢሜይል ቢልክልሽ ምን ታደርጊያለሽ?" እላለሁ። "እቀይረዋለሁ" ካለች፣ ሰርቨሩን ትቼ እዚያው ላይ ነው የምቆመው። በድሮው፣ በምታውቀው ቁጥር ደውላ ሳታረጋግጥ እንዳትቀይር። ለዚህ የሚገዛ ዕቃ የለም፣ ፀረ ቫይረስም አያግዛትም።

ከሰዓት በኋላ ማሽኖቹ። አፕዴት የቆመባቸው ካሉ እለያለሁ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፣ ግን በየቢሮው ሞልቷል። "እየሠራ አይደል እንዴ?" ሲሉኝ ዋናክራይን፣ ያን ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ፣ አነሣለሁ። በሜይ 2017 ዓለምን ሲያዳርስ፣ ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን አፕዴት ለሚደግፋቸው ስሪቶች ካወጣ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። ከተመቱት ማሽኖች ብዙዎቹ ያን ያልጫኑ ናቸው።

ጥላሁን_ማለት_ይቻላል

ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ግን ይኼ ሁሉ ሥራ ነገ በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የሚያልቅ አይመስላችሁም? የድርጅቱ ባለቤት ራሱ ይጠይቀዋል፣ ይመልስለታል። አማካሪ ለምን?

አሮጌ_ፍሎፒ

አንዱ ደንበኛዬ መልሱን አትሞ ይዞልኝ መጣ። ስድስት ገጽ። አብዛኛው ደህና ነበር፣ እውነቱን ለመናገር እኔ ከጻፍኩት 22 ገጽ ይሻላል። አንዱ እርምጃ ግን በፕሮግራሙ ውስጥ የሌለ ሜኑ ክፈት ይላል። ሰውየው ያን ሜኑ ሲፈልግ አምሽቷል። አርቴፊሻል ኢንተለጀንሱን እኔም እጠቀምበታለሁ። ማስመሪያዋን ግን አላየም፤ ማንም አልነገረውማ።

ቀይ_ገመድ

ያጠፋኸው ነገር የለም እንዴ? እስካሁን ማስመሪያ ብቻ ነው የተናገርከው።

አሮጌ_ፍሎፒ

ሞልቷል። አንዱን ልንገርህ።

ዓርብ ማታ፣ ሁሉም ከወጣ በኋላ፣ የአንድ ደንበኛዬን የሽያጭ ፕሮግራም አፕዴት አደረግሁ። ከፈትኩት፣ ተከፈተ፣ ወደ ቤቴ። ቅዳሜ ጠዋት ደረሰኝ ማተሚያው አላተመም። ለእነሱ ቅዳሜ ከሳምንቱ ሁሉ የሚበልጥ ቀን ነው። እኔ ደግሞ ስልኬን ድምፁን አጥፍቼ ተኝቻለሁ። ስነቃ 17 ጥሪ። በእጅ ደረሰኝ እየጻፉ ሰዓታት ሸጡ።

ሄድኩና "ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሕትመቱን ሳልሞክር ነው የሄድኩት" አልኩ። "አፕዴቱ ችግር አለበት" ለማለት አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ በከፊል እውነትም ነበረው። ባለቤቷ ዝም ብላ አየችኝና "በእጅ የተጻፉትን ደረሰኞች አንተ ታስገባቸዋለህ" አለች። ቁጭ ብዬ አስገባሁ። በማስመሪያ።

ዓርብ አልነካም ከዚያ ወዲህ። ጁላይ 19 ቀን 2024 የኮምፒውተር ደኅንነት ድርጅቱ ክራውድስትራይክ በላከው የተሳሳተ አፕዴት 8.5 ሚሊዮን ገደማ የዊንዶውስ ማሽኖች ሲወድቁም ቀኑ ዓርብ ነበር። በሰው አልሳቅሁም፣ ግን 17ቱ ጥሪ ትዝ አለኝ።

የ286_ዘመን

በማስመሪያ! እግዜር ይስጥህ፣ አሳቅኸኝ። ሴትዮዋ አሁንም ደንበኛህ ናት?

አሮጌ_ፍሎፒ

አለች ጋሼ። ሌሎች ሁለት ደንበኞችም ያመጣችልኝ እሷ ናት።

ሰንጠረዥ

ክሩን ካነበብኩ በኋላ ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ ፕሮግራማችንን ከፈትኩ። "ሪፖርት" የሚለው ሥር ገባሁ። ታች ላይ "ወደ ፋይል አውጣ" የሚል አለ። ደብዛዛ ነው። ስነካው ምንም አይልም። ሰባት ዓመት እያየሁት ያላየሁት ነገር ነው። የኛ አይቲ በሳምንት አንዴ ነው የሚመጣው፣ እሱም ለኔ ሳይሆን ለሰርቨሩ። ምን ብዬ ልጠይቀው?

አሮጌ_ፍሎፒ

"ለኔ መለያ ሪፖርት የማውጣት ፈቃድ ክፈትልኝ" በይው። የፕሮግራሙን ስምና ስሪቱን ጻፊለት፣ "ስለ ፕሮግራሙ" የሚለው ሥር ታገኝዋለሽ። ለምን ካለሽ በቀን ስንት ሰዓት እንደምትጽፊ ንገሪው፤ ስልክሽ ላይ ለሦስት ቀን ለክተሽ ቁጥሩን ብትይዥ ይሻላል። እምቢ ካለ የስክሪኑን ፎቶ እዚህ ለጥፊው። የድርጅቱን ስም ሸፍኚው።

ሰንጠረዥ

ከነገ ጀምሬ እለካለሁ። አይቲው ሐሙስ ነው የሚመጣው።